መደቡ ታጠፈ፤ መምህሯስ የት ትሂድ?

ትምህርት ከተከፈተ አንድ ወር አልፏል። ልጅዎ የመምህሯን ስም ለምዷል፤ እራት ላይ «ሚስ እንዲህ አለችን» ማለት ጀምሯል። አንድ ቀን ቦርሳው ውስጥ ደብዳቤ ይገኛል። መምህሯ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራለች። ክፍሉም ከጎረቤቱ ክፍል ጋር ተቀላቅሏል።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርስ ከሐበሻ ወላጅ አፍ መጀመሪያ የሚወጣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ምን አጥፍታ ነው?» ጥያቄው አይገርመኝም። እኛ አገር መምህር በዓመቱ መካከል ከቦታው ሲነሳ ሰው ከጀርባው ምክንያት መፈለግ ይጀምራል። ተጣልቶ ነው፣ ተከሶ ነው፣ አንድ ነገር አለ ይባላል። እዚህ አሜሪካ ግን መልሱ በአብዛኛው ቀላል ነው። ምንም አላጠፋችም። የታጠፈው መደቧ ነው።

መደብ እንዴት ይታጠፋል? ከታጠፈስ በኋላ መምህሯ የት ትሄዳለች? ለልጅዎስ ምን ማለት ነው? ከሥር ከሥሩ እንየው።

«ትርፍ መምህር» ማለት ምን ማለት ነው?

መደብ ማለት በጀት የተያዘለት የሥራ ቦታ ነው። ሰውየው ሌላ፣ መደቡ ሌላ። አንድ ትምህርት ቤት ባለፈው ዓመት ለሦስተኛ ክፍል አምስት የመምህር መደብ ነበረው እንበል። ዘንድሮ የተፈቀደለት አራት ነው። አምስቱም ጎበዝ መምህራን ሊሆኑ ይችላሉ። አንዷ ግን ወንበር የላትም። እሷ ናት «ትርፍ» የምትባለው።

አገር ቤት መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አዲስ መዋቅር ተጠንቶ ድልድል ሲወጣ መደብ ያጣው ሠራተኛ «ተንሳፋፊ» ይባላል። ደመወዙ አልተቋረጠም፤ የሚቀመጥበት ወንበር ግን የለም።

የአዲስ አበባን የታክሲ ስምሪት ያስቡት። አንድ መስመር ላይ ተሳፋሪ ሲሳሳ ሚኒባሱ ሰልፍ ወዳለበት መስመር ይመደባል። ሞተሩ አልተበላሸም። ሹፌሩም አልተቀጣም። የተዛወረው ሰልፉ ነው፤ መኪናው ሰልፉን ተከትሎ ሄደ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች በጣም ይምታታሉ። ትርፍ የሆነች መምህርት የዚያው ከተማ ትምህርት ቢሮ ሠራተኛ ሆና ትቀጥላለች፤ የምትለውጠው ትምህርት ቤት ነው። ቅነሳ ከሆነ ግን ጥፋት ባይኖርባትም ገንዘብ ስለጠፋ ከቢሮውም ጭምር ትለቃለች። ስንብት ደግሞ በጥፋት ወይም በሥራ ብቃት ማነስ የሚመጣ ነው። ሦስቱን «ተባረረች» በሚል አንድ ቃል መጠቅለል መምህሯን መበደል ነው። ልጁም ቢሆን የሚወዳት ሰው እንደጥፋተኛ ስትወራ ይሰማል።

መደብ የሚታጠፈው ለምንድን ነው?

ገንዘቡ የሚከተለው ልጁን ስለሆነ ነው።

በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የትምህርት ቤት በጀት የሚሰላው በተማሪ ነው። ኒው ዮርክ ከተማ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2007 ጀምራለች። እያንዳንዱ ልጅ መነሻ ገንዘብ ይዞ ይመጣል። እንግሊዝኛ ገና እየተማረ ከሆነ፣ ልዩ ፍላጎት ካለው ወይም ቤተሰቡ ችግረኛ ከሆነ በላዩ ላይ ይጨመራል። ርዕሰ መምህሩ የዚህን ሁሉ ድምር ይቀበልና መምህራን ይቀጥርበታል። ልጁ ሌላ ሰፈር ሲገባ ገንዘቡም አብሮት ይሄዳል።

ስለዚህ ቆጠራው ወሳኝ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ የምትቆጥረው በኦክቶበር 5 ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሴፕቴምበር 30ን ይጠቀማሉ። ኒው ዮርክ ደግሞ በኦክቶበር መጨረሻ ያለውን ቁጥር ታያለች። ምዝገባው ያልተጠናቀቀ ልጅ በዚያ ቀን እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። (ክረምቱን አገር ቤት ከርመን፣ እንቁጣጣሽን አክብረን፣ መስቀልንም ካልደመርን ለማንል ቤተሰቦች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።)

ቁጥሩ ራሱ ለምን ይቀንሳል? አንደኛው ምክንያት ልጆች የሚወለዱት እየቀነሱ መምጣታቸው ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ 4.3 ሚሊዮን ሕፃናት ተወልደው ነበር። በ2023 የተወለዱት 3.6 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ያኔ ያልተወለደ ልጅ ከአምስት ዓመት በኋላ መዋዕለ ሕፃናት አይገባም። የቤት ኪራይም አለ። ኪራይ ሲወደድ ልጅ ያለው ቤተሰብ ከመሐል ከተማ ወጥቶ ዳር ይሰፍራል። የእኛ ሰው ከዲሲ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ፣ ከዚያም አልፎ ሲሄድ ያየ ሰው ይህን ማስረጃ ሳይጠይቅ ይቀበላል። በመንግሥት ገንዘብ ግን በራሳቸው አስተዳደር የሚሠሩት፣ ቻርተር የሚባሉት ትምህርት ቤቶችም ተማሪ ይወስዳሉ። በኮቪድ ወረርሽኝ ዙሪያ ባሉት ጥቂት ዓመታት የኒው ዮርክ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከ100 ሺህ በላይ ተማሪ አጥተዋል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ይህን ሁሉ ለጊዜው ሸፍኖት ነበር። በወረርሽኙ ወቅት የፌዴራል መንግሥት ለትምህርት ቤቶች በሦስት ዙር ወደ 190 ቢሊዮን ዶላር ሰጠ። በዚህ ገንዘብ ልጅ የቀነሰባቸው ትምህርት ቤቶችም መምህራኖቻቸውን ይዘው ቆዩ፤ እንዲያውም የጨመሩ አሉ። የመጨረሻውን ዙር ገንዘብ ለሥራ ለመመደብ የተሰጠው የመጨረሻ ቀን ሴፕቴምበር 30፣ 2024 ነበር። ድጋፉ ሲያልቅ ከሥሩ የነበረው ጉድለት ገሃድ ወጣ። ባለፉት ዓመታት ስለ መምህራን ዝውውር የሰሙት ወሬ የበዛው ለዚህ ነው።

24 ልጆች ቢጎድሉ ምን አለበት?

ጥያቄው ተገቢ ነው። 24 ልጅ ሄደ ማለት አንድ ክፍል ባዶ ሆነ ማለት ይመስላል። አንድ ክፍል ይዘጋል፣ አንድ መምህር ይዛወራል፣ አለቀ። እውነታው ግን እንዲህ አይደለም። የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ያለውም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በቁጥር እንየው። ትምህርት ቤቱ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል አለው። በየደረጃው ሁለት ሁለት ክፍል፣ በድምሩ 12 ክፍሎች። በየክፍሉ 22 ልጅ አለ። ጠቅላላው 264 ነው። አሁን 24 ልጆች ሄዱ። ነገር ግን ከአንድ ክፍል ተነቅለው አልሄዱም። ከዚህም ከዚያም ነው የቀነሱት፤ ከየደረጃው አራት፣ ከየክፍሉ ሁለት። እያንዳንዱ ክፍል አሁን 20 ልጅ አለው።

12ቱም ክፍሎች አሉ። 12ቱም መምህር ይፈልጋሉ። መብራቱም፣ ማሞቂያውም፣ ጥበቃውም እንዳለ ነው። የሄደው ገንዘብ ግን የ24 ልጅ ነው። ይህ የአንድ መምህር ደመወዝ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ያልፋል።

ርዕሰ መምህሯ ፊት ያለው ምርጫ ጥሩ አይደለም። ሁለት ክፍሎችን ብትቀላቅል 40 ልጅ በአንድ ክፍል ይሆናል። ይህን አብዛኛው የኅብረት ስምምነት አይፈቅድም። አንድ የ4ኛና አንድ የ5ኛ ክፍል ቀላቅላ ቅይጥ ክፍል ብትከፍትም ያው 40 ነው። ስለዚህ እጇ የሚሄደው የራሱ ክፍል ወደሌለው መምህር ነው። የሥዕል መምህር፣ የሙዚቃ መምህር፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ፣ ንባብ የከበዳቸውን ልጆች በቡድን በቡድን የምታስጠናዋ። እነዚህ ሲነሱ «ክፍል» አይዘጋም። ወላጅ ቶሎ ላያየው ይችላል። ልጁ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ለብቻው ቁጭ አድርጋ የምታስነብበውን ሰው አጥቷል።

ይህ ለምን ያሳስበኛል? ልጅ የሚቀንሰው ብዙ ጊዜ ችግር ባለበት ሰፈር ነው። ከትምህርት ቤቱ መጀመሪያ የሚነሳው ደግሞ እዚያ ሰፈር ያለ ልጅ ከማንም በላይ የሚፈልገው መምህር ነው። ያ መምህር ሲነሳ ሌላው ወላጅ «እዚህ ትምህርት ቤት ምንም የለም» ብሎ ልጁን ያስወጣል። የሚቀጥለው ዓመት ቆጠራ እንደገና ይወርዳል።

የዲሲ ምክር ቤት ይህን ዙር ለመስበር በ2022 መጨረሻ አንድ ሕግ አጽድቋል። በመርሕ ደረጃ የአንድ ትምህርት ቤት በጀት ካለፈው ዓመት በታች እንዳይወርድ የሚል ነው። የራሱ ክርክር አስነስቷል። ልጅ የሄደበትን ትምህርት ቤት እንዳለ ይዞ መቆየት፣ ልጅ ለበዛበት የሚሰጠውን ያሳንሳል የሚሉ አሉ። ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለ።

አንድ ቅጽ፣ አንድ መደብ

ልጅ ሲመዘገብ ወላጅ የሚሞላው አጭር ቅጽ አለ። ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ምንድን ነው? ልጁ መጀመሪያ የተናገረው ቋንቋስ? ይላል።

ከእኛ ሰው ብዙው «እንግሊዝኛ» ብሎ ይጽፋል። ምክንያቱ ይገባኛል። «ልጄን ደካማ ክፍል ያስገቡብኛል» የሚል ስጋት ነው። ነገር ግን ቅጹ ልጁን የትም አያስገባም። ሌላ ቋንቋ አለ ከተባለ ልጁ አጭር የእንግሊዝኛ ፈተና ይፈተናል። ካለፈ እንደማንኛውም ተማሪ ይቀጥላል። ካላለፈ የእንግሊዝኛ ድጋፍ ያገኛል፤ ትምህርት ቤቱም በእሱ ስም ተጨማሪ ገንዘብ ይቀበላል። የእንግሊዝኛ ድጋፍ መምህራን ቁጥር የሚወሰነው በእነዚህ ልጆች ቁጥር ነው። አሥራ አምስት ቤተሰብ እውነቱን ባይጽፍ ትምህርት ቤቱ አሥራ አምስት አማርኛ ተናጋሪ ልጅ እንዳለው እንኳ አያውቅም። ያች መምህርትም «ትርፍ» ትሆናለች፤ የሚያስፈልጓት ልጆች እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው።

ከመምህራኑ መካከል የሚነሳው ማን ነው?

ከተማው ይለያይ እንጂ ጥያቄዎቹ ተመሳሳይ ናቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የማስተማር ፈቃድ ነው። የታጠፈው የሒሳብ መደብ ከሆነ የሚነሳው ከሒሳብ መምህራን መካከል ነው። ስለዚህ 15 ዓመት ያገለገለች የሒሳብ መምህርት ተነስታ፣ ትናንት የመጣው የባዮሎጂ መምህር ሊቀር ይችላል። ወላጅ ይህን ሲያይ አድልዎ ይመስለዋል። አይደለም፤ መስመሩ የተለየ ነው።

ቀጥሎ በብዙ ቦታ በፈቃዱ የሚሄድ ይጠየቃል። ለቤቱ የሚቀርብ ትምህርት ቤት የሚፈልግ መምህር አይጠፋም። ፈቃደኛ ከሌለ ወደ አገልግሎት ዘመን ይኬዳል። በኒው ዮርክ በዚያ የማስተማር ፈቃድ፣ በዚያ ትምህርት ቤት፣ በአገልግሎት ትንሽ የሆነው ቀድሞ ይነሳል። መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል ማለት ነው።

ዲሲ ግን ሌላ መንገድ ይዛለች። እዚያ የመምህሩ የሥራ ምዘና ውጤት ትልቁን ክብደት ይይዛል። ልዩ ሙያውና ለትምህርት ቤቱ ያበረከተው ይታያል። የአገልግሎት ዘመን ከሁሉም ያነሰ ድርሻ ነው ያለው። ስለዚህ በዲሲ «ትርፍ» መሆን ከምዘና ጋር ትንሽ ይነካካል። ያም ሆኖ ምክንያቱ ያው የመደብ መታጠፍ ነው። መደብ ባይታጠፍ ኖሮ ማንም አይነሳም ነበር።

የትኛው ይሻላል? የአገልግሎት ዘመን ግልጽ ነው፤ ማንም አለቃ በጥላቻ ሊያጣምመው አይችልም። ነገር ግን አዲስ መምህራን የበዙበትን ትምህርት ቤት ደጋግሞ ይመታል። ምዘና ደግሞ ጎበዟን ያቆያል ይባላል፤ መዛኙ ሰው መሆኑ ግን መምህራንን ያሰጋል። እኔ ብጠየቅ ግልጽነቱን አስቀድማለሁ። መምህር ነገ የት እንዳለ ሳያውቅ ዛሬን በሙሉ ልብ አያስተምርም።

የተነሳችው መምህርት የት ትሄዳለች?

እዚህ ላይ ኒው ዮርክ ያለፈችበት መንገድ ብዙ ያስተምራል።

ከ2005 በፊት ድልድሉን የሚሠራው ቢሮው ነበር። መደብ ያጣች መምህርት በማስተማር ፈቃዷ መስክ ክፍት ቦታ ካለ እዚያ ትመደባለች። ከሌለ በአገልግሎት የምታንሳትን መምህርት ቦታ ልትወስድ ትችላለች። ያችኛዋ ደግሞ ሌላ ቦታ ትፈልጋለች። አንድ መደብ ሲታጠፍ ሦስት አራት ትምህርት ቤት ይናወጣል። ርዕሳነ መምህራን «የማላውቀውን ሰው ላኩብኝ» እያሉ ያማርሩ ነበር። አንዳንዶቹም ክፍት ቦታቸውን ደብቀው ይይዙ ነበር።

በ2005 ከንቲባው ማይክል ብሉምበርግ በነበሩበት ዘመን ከተማዋና የመምህራን ማኅበሩ አዲስ የኅብረት ስምምነት ፈረሙ። ከዚያ በኋላ ማንም በግድ አይመደብም ተባለ። መምህሯ ታመለክታለች፣ ርዕሰ መምህሩ ያነጋግራታል፣ ሁለቱም ከፈቀዱ ትቀጠራለች። በምላሹ ማኅበሩ አንድ ዋስትና አገኘ። ቦታ ያላገኘች መምህርት አትቀነስም። ደመወዟ ሳይጎድል ምደባ በሚጠብቁ መምህራን መዝገብ ውስጥ ትቆያለች። እስከዚያው በተተኪ መምህርነት ትሠራለች።

በወረቀት ላይ ሲታይ ለሁሉም የሚበጅ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ያ በተማሪ የሚሰላው በጀት መጣ። ከእሱ ጋር አንድ ለውጥ አብሮ ገባ። የመምህራን ደመወዝ መክበድ መቅለሉ የትምህርት ቤቱ የራሱ ጉዳይ ሆነ። የ20 ዓመት መምህርት ደመወዝ የጀማሪውን እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። በጀቷ የጠበባት ርዕሰ መምህርት ሁለት ማመልከቻ ከፊቷ ሲቀርብላት ዓይኗ ወዴት እንደሚሄድ መገመት ይቻላል። ልምድ ያላቸው መምህራን ከመዝገቡ መውጣት ከበዳቸው። በ2008 መገባደጃ ከተማዋና ማኅበሩ ይህን አይተው፣ ከመዝገቡ መምህር የሚቀጥር ትምህርት ቤት የደመወዝ ድጎማ እንዲያገኝ ተስማሙ።

መዝገቡ ግን አልጠፋም። በ2016/17 የትምህርት ዘመን ብቻ 151.6 ሚሊዮን ዶላር አስወጥቷል። በ2017 ያ የትምህርት ዘመን ሲያልቅ 822 መምህራን እዚያ ነበሩ። ከእነሱ ሩቡ ያህል ከአምስት ዓመት በፊትም በመዝገቡ ውስጥ የነበሩ ናቸው። ጋዜጦች «የማያስተምሩ መምህራን» አሏቸው። ስሙ አሁንም ያንገበግበኛል። አንዳንዶቹ የዲሲፕሊን ጉዳይ የነበረባቸው ናቸው፤ ያ እውነት ነው። ብዙዎቹ ግን ጥፋታቸው ትምህርት ቤታቸው መዘጋቱ ነበር። ብሉምበርግ በነበሩበት ዘመን በደርዘን የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። አንድ ሰው 18 ዓመት ካስተማረበት ቤት ወጥቶ በየወሩ በማያውቀው ትምህርት ቤት በር ላይ ቁልፍ የሌለው እንግዳ ሲሆን ምን እንደሚሰማው ማሰብ አይከብድም።

በዚያው 2017 የከተማዋ ትምህርት ኃላፊ ካርመን ፋሪኛ መንገዱን በከፊል ቀየሩት። ከኦክቶበር አጋማሽ በኋላም ክፍት የቀረ ቦታ ካለ ርዕሰ መምህሩ ባይፈልግም ቢሮው ከመዝገቡ ሰው ይመድባል ተባለ። ክብ ዞሮ ወደ ድሮው ድልድል የቀረበ ይመስላል።

ዲሲ በ2010 የፈረመችው ስምምነት ደግሞ ጥበቃውን በጊዜ ወሰነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት ከባድ ነበር። በኦክቶበር 2009 የትምህርት ኃላፊዋ ሚሼል ሪ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን በበጀት እጥረት ቀንሰው ነበር። በአዲሱ ስምምነት ጥሩ ምዘና ያላት ትርፍ መምህርት አዲስ ቦታ ካላገኘች ሦስት ምርጫ ቀረበላት። 25 ሺህ ዶላር ተቀብላ መሄድ፤ 20 ዓመት ካገለገለች ቀድማ ጡረታ መውጣት፤ ወይም አንድ ዓመት በሙሉ ደመወዝ ቦታ እየፈለገች መቆየት። ዓመቱ ካለቀ ግን ጥበቃውም ያበቃል።

መምህር ጠፋ እየተባለ እንዴት ትርፍ ይኖራል?

«መምህር» አንድ ዓይነት ዕቃ ስላልሆነ ነው። ከተማው ልዩ ፍላጎት ላላቸው ልጆች መምህር አጥቶ ይጨነቃል። ሒሳብና ፊዚክስ መምህር ይፈልጋል። በሁለት ቋንቋ የሚያስተምር ይፈልጋል። ትርፍ የሆኑት ደግሞ የኅብረተሰብ ሳይንስ ወይም የአንደኛ ደረጃ መምህራን ናቸው። የታሪክ መምህርን ኬሚስትሪ ክፍል መመደብ አይቻልም፤ ፈቃዱ አይፈቅድም፣ ልጆቹም ይጎዳሉ። ቦታም ልዩነት አለው። ከተማው በአንድ ጫፍ ይተርፈዋል፣ በሌላው ጫፍ ይጎድለዋል።

ኒው ዮርክ ላይ ደግሞ ከተቃራኒው በኩል የመጣ ነገር አለ። በ2022 የግዛቱ ሕግ የክፍል መጠንን ገደበ። እስከ 3ኛ ክፍል 20፣ ከ4ኛ እስከ 8ኛ 23፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ 25 ልጅ። ስለዚህ በዚያው ከተማ ተማሪ እየቀነሰ የመምህር ፍላጎት ይጨምራል። በዚያው ዓመት ክረምት ግን ከተማዋ ልጅ ቀነሰ ብላ የትምህርት ቤቶችን በጀት በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ቀንሳ፣ መምህራን ከየትምህርት ቤታቸው ሲነሱ ነበር። ሁለቱ ውሳኔዎች ከአንድ ቤት አይመስሉም።

ለልጆቹስ?

ዝውውሩ በክረምት ከሆነ ልጁ ብዙ አይነካም። መስከረም ላይ አዲስ ፊት ያያል፣ ይለምዳል። ከባዱ በኦክቶበር የሚሆነው ነው። ሎስ አንጀለስ በአምስተኛው ሳምንት ገደማ ልጆቿን ቆጥራ መምህራንን ታዛውራለች። ፊላደልፊያና ሲያትልም ቆጠራውን አይተው መምህራንን ሲያሸጋሽጉ ታይተዋል። ልጁ ከተለማመደ በኋላ ነው መምህሩ የሚቀየርበት።

መምህሩም አዲስ ይሆናል። ተመራማሪዎች የኒው ዮርክን የብዙ ዓመት መረጃ ሲያዩ አንድ ነገር አግኝተዋል። መምህር ወደ ማያውቀው ክፍል ደረጃ ወይም ትምህርት ሲዛወር፣ ልምድ ቢኖረውም እንኳ፣ በዚያ ዓመት የልጆቹ ውጤት ዝቅ ይላል። ብዙ ዓመት 2ኛ ክፍል ያስተማረች ሴት 6ኛ ክፍል ስትገባ እንደገና ጀማሪ ናት።

በአገር ቤትስ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ችግሩ የሚወለዱ ልጆች መቀነስ አይደለም። ትርፍ መምህር ግን አለ። ምክንያቱ ክፍለ ጊዜ ነው።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የትምህርት ደረጃዎችን ስድስት ዓመት አንደኛ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ አድርጎ ከፍሏቸዋል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሲገባ አንዳንድ የትምህርት ዓይነት ቦታው ተለወጠ። ሥነ ዜጋ ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል ወጣ። አንድ ትምህርት ቤት በእነዚያ ሁለት ደረጃዎች 16 ክፍል ቢኖረውና በየክፍሉ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ቢሰጥ፣ 32 ክፍለ ጊዜ ጠፋ ማለት ነው። አንድ መምህር 16 ክፍለ ጊዜ ይዞ ከነበረ ሁለት መምህር ያለ ሥራ ቀረ። ግብርናና አይሲቲ ደግሞ በአንጻሩ መምህር ፈለጉ።

ማዛወሩም የራሱ ማነቆ አለው። የመምህሩን ደመወዝ የሚከፍለው ወረዳው ነው። አንድ ወረዳ ሁለት ትርፍ መምህር ቢኖረው፣ ጎረቤቱ ወረዳ ደግሞ ሁለት ቢጎድለው፣ ሰዎቹ ብቻ መሻገራቸው አይበቃም፤ ተቀባዩ ወረዳ መደብና በጀት ሊኖረው ይገባል። ቤተሰብም አለ። ከተማ ቤት ሠርቶ፣ ትዳር ይዞ፣ ልጅ እያስተማረ ያለን ሰው መኪና ወደማይገባበት ቀበሌ መመደብ ወረቀት ላይ ቀላል ነው።

ወላጅ ምን ማድረግ ይችላል?

ጊዜውን ማወቅ ከሁሉ ይበልጣል። በዲሲ ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆነው በጀት ለትምህርት ቤቶች የሚነገራቸው ብዙውን ጊዜ በፌብሩዋሪ አካባቢ ነው። በየትምህርት ቤቱ ወላጆችና መምህራን ያሉበት አማካሪ ቡድን አለ። ርዕሰ መምህሩ የትኛው መደብ ይታጠፍ፣ የትኛው ይቆይ ሲል ከዚህ ቡድን ጋር ይመክራል። ደብዳቤው ቦርሳ ውስጥ ሲገኝ ግን ውሳኔው አልቋል።

ቋንቋ ሰበብ አይሁንብዎ። በዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችም ጭምር፣ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። አማርኛ ብዙ ከሚጠየቁት ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚው ለወላጅ በነፃ ነው፤ ከስብሰባው ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ማሳወቅ ብቻ ያስፈልጋል።

እዚያ ሲገቡ «ለምን መምህሯን አነሳችሁ?» ብለው አይጀምሩ፤ መልሱ «ቁጥር ቀንሷል» ነው። ይልቅ እንዲህ ብለው ይጠይቁ። የታጠፈው የክፍል መደብ ነው ወይስ የድጋፍ? ልጄ በሳምንት ስንት ሰዓት የእንግሊዝኛ ድጋፍ ያገኝ ነበር፣ አሁንስ ስንት? የተቀላቀለው ክፍል ስንት ልጅ አለው? አዲሷ መምህርት ይህን ደረጃ አስተምራ ታውቃለች? የልጄን ማስታወሻ ከቀድሞዋ መምህርት የተረከበው ማነው? መጨረሻ ያለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። አንድ ወር ሙሉ ልጁ የት ላይ እንደሚደናቀፍ ያየችው እሷ ናት፤ ያ ነገር ከእሷ ጋር እንዳይሄድ በጽሑፍ እንዲተላለፍ ይጠይቁ።

ለልጁ ደግሞ ማታ ቁጭ ብላችሁ እውነቱን ይንገሩት። ሚስ አልተባረረችም። አንተም ያስቀየምካት ነገር የለም። ሌላ ትምህርት ቤት መምህር የሚጠብቁ ልጆች ነበሩ፤ አሁን እነሱን እያስተማረች ነው።